ጥፋቱን ዲጂታል ላይ አንጫን

በቤታቸው ሙዚቃ ማዳመጥ የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ አንድ ክስ ሳይነሣ አይቀርም፤ ሸክላ ሞተ፣ ከእርሱም ጋር እውነተኛው ድምፅ ሞተ፣ ገዳዩም ዲጂታል ነው ይባላል። የክሱን ግማሽ እቀበላለሁ። በየቤታችን የምንሰማው የሙዚቃ ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረበት ወርዷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። በተከሳሹ ላይ ግን አልስማማም። ድምፅ የወረደው ከሸክላ ወደ ቁጥር በተሻገረበት ሰዓት አይደለም። ከዚያ በፊት የጀመረ ጉዳት አለ፣ ከዚያ በኋላ የመጣም አለ፤ በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ የራሱ ታሪክ አለው። ጥፋተኛውን ሳንለይ ከፈረድን የምንጎዳው እኛው ነን፤ ገና ልናድነው የምንችለው ብዙ ነገር በእጃችን አለና። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የወጣው ከራሳቸው ከሸክላ ወዳጆች መካከል ነው። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የቆዩ አልበሞችን በጥንቃቄ እያዘጋጀ በውድ ዋጋ የሚያሳትም፣ በሸክላ አድማጮች ዘንድ ስሙ እንደ ዋስትና የሚታይ ድርጅት ነው። በሐምሌ 2022 በአሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ ሸክላ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ጥርጣሬውን በቪዲዮ ተናገረ፤ የኩባንያው መሐንዲሶችም ተጠይቀው እውነቱን አመኑ። ከ2011 ጀምሮ ከታተሙት ብዙዎቹ ሸክላዎች የተቀረጹት ከስቱዲዮው ቴፕ በቀጥታ አልነበረም። ቴፑ መጀመሪያ በከፍተኛ ጥራት ወደ ዲጂታል ፋይል ይገለበጥና ሸክላው ከፋይሉ ይቀረጻል። አንዱን ሸክላ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ አውጥተው የገዙ ሰዎች ዲጂታል ያልነካው ድምፅ የያዙ መስሏቸው ነበር። ተቆጡ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በስምምነትም አለቀ። ቁጣቸው ተገቢ ነው፤ ገዢ የገዛውን ነገር ምንነት የማወቅ መብት አለው።

ከቁጣው ጀርባ ያለውን ግን ልብ እንበል። ከአሥር ዓመት በላይ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሸክላ ያዳመጡ ሰዎች፣ ከመኪና በሚወደዱ ማጫወቻዎችና ድምፅ ማጉያዎች፣ በጸጥተኛ ክፍል ተቀምጠው እነዚህን የኩባንያውን ሸክላዎች ሰምተዋል። ዲጂታሉን አልለዩትም። እንዲያውም እነዚያን ሸክላዎች እስከ ዛሬ ከታተሙት ምርጦች ተርታ ያሰልፏቸው ነበር። ዲጂታል የድምፅን ለዛ የሚነጥቅ ቢሆን ኖሮ የእነዚህን ሰዎች ጆሮ ማምለጥ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ይህ ለብቻው የቆመ ማስረጃም አይደለም። በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ያሳተሙት ጥናት አለ። ከሲዲ የላቀ ጥራት ያላቸውን ቅጂዎች ለአድማጮች አሰሙ፤ ያንኑ ድምፅ አንዳንዴ በሲዲ ልክ በሚያሳንስ መሣሪያ ውስጥ አሳልፈው የቱ የቱ እንደሆነ እንዲለዩ ጠየቁ። በ554 ሙከራዎች ትክክል የተመለሰው 276 ጊዜ ነው። በጭፍን ግምት ቢመለስም ውጤቱ ያው ይሆን ነበር።

ብዙ ሰው ዲጂታልን የሚጠራጠረው አሠራሩ በተሳሳተ መንገድ ስለተነገረው ይመስለኛል። ዲጂታል ድምፅን ይቆራርጣል፣ በቁራጮቹ መካከል ያለው ይጠፋል፣ የቀረው ደረጃ ደረጃ የሆነ ሻካራ ነገር ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ሲዲ የድምፁን ሞገድ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልኬት ከ65,536 እርከኖች በአንዱ ይመዘገባል። በልኬቶቹ መካከል ያለው ግን አይጠፋም። ሃሪ ናይክዊስት በ1928፣ ክሎድ ሻነን በ1949 ያስቀመጡት ሒሳብ የሚለው ይህን ነው፤ አንድ ሞገድ በውስጡ ካለው ከፍተኛ ንዝረት እጥፍ በላይ ከተለካ ከልኬቶቹ ሙሉውን፣ ለስላሳውን ሞገድ መልሶ ማግኘት ይቻላል። የጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ። የሲዲው ልክ የተመረጠው ይህ ታስቦ ነው። ከማጫወቻው ወጥቶ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደው ሞገድ ደረጃ የለውም፤ ከማይክሮፎኑ እንደገባው ያለ የተያያዘ ሞገድ ነው።

ሸክላስ? ሸክላ የሚሠራውን በትክክል ማወቅ የሚወደውን ሰው ፍቅር የሚቀንስ አይመስለኝም። ድምፁ የሚቀረጽበት ቦይ ጠባብ ነው። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መርፌውን ከቦዩ አስወጥቶ ይወረውረዋል። ስለዚህ ሲቀረጽ ቤዙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ ቤት ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ደግሞ በተቃራኒው ቤዙን መልሶ ያነሣል፣ ቀጭኑን ዝቅ ያደርጋል። የመጠኑ ልክ በ1954 በአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ተወስኖ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የፍጥነቱም ነገር አለ። በደቂቃ 33 ከሲሶ የሚዞር ትልቁ ሸክላ ላይ መርፌው በውጪው ጠርዝ በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ወደ መሐል ሲደርስ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ። ያው የአንድ ሰከንድ ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ይታጨቃል ማለት ነው። በየገጹ መጨረሻ ያለው ዘፈን የሚደበዝዘው፣ «ሰ» እና «ሸ» የሚሻክሩት ለዚህ ነው። በጸጥታውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት በጥሩ ሸክላ ላይ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ቢደርስ ነው፤ በሲዲ 96 ነው። በዚያ ላይ መርፌው ባለፈ ቁጥር ቦዩን በጥቂቱ ይፍቀዋል። ሸክላ በተሰማ ቁጥር ያልቃል።

እንግዲህ ሸክላው ይሻላል የሚሉት ሰዎች የሌለ ነገር ነው የሚሰሙት? አይደለም። የሚሰሙት ልዩነት አለ፣ አንዳንዴም ትልቅ ነው። ምንጩ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች የተሰናዱበት መንገድ ይለያያል። የሸክላ ጠባብነት ባለሙያውን ጥንቃቄ ያስተምረው ነበር። ድምፁን ከልክ በላይ ካስጮኸው መርፌው ይዘልላል፣ ቦዩም ቦታ ስለሚፈልግ በገጹ ላይ የሚገባው ደቂቃ ይቀንሳል። ሲዲ ይህን ልጓም ፈታው። በ1982 ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ሲውል የሰጠው ትልቁ ስጦታ የጸጥታ ስፋት ነበር፤ የሹክሹክታና የጩኸት ልዩነት ከነሙሉ ርቀቱ እንዲሰማ። የሙዚቃ ኩባንያዎች ያንን ስፋት አልተጠቀሙበትም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእኔ ዘፈን ከጎረቤቱ ዘፈን ጮኾ ይሰማ በሚል ውድድር ዝቅ ያለውን ወደ ላይ እየገፉ፣ ከፍ ያለውን እየከረከሙ ሁሉንም በአንድ ከፍታ ደለደሉት። በ2008 የወጣው የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም የዚህ ጥግ ነው። ያው ሙዚቃ ለአንድ የቪዲዮ ጨዋታ ተብሎ በተዘጋጀ ቅጂ ሳይደለደል ስለወጣ አድማጮች ሁለቱን አነጻጸሩ፤ ከሲዲው ይልቅ ጨዋታው እንደሚሻል ሰሙ፤ በሺዎች ሆነው አልበሙ እንደገና እንዲሰናዳ ፈረሙ። ሁለቱም ቅጂዎች ዲጂታል ነበሩ። ጥፋቱ የሰው ውሳኔ ነበር።

የእኛን ታሪክ ስመለከት ደግሞ ክሱ ይበልጥ ይላላል።

የኢትዮጵያ ድምፅ ከሸክላ ጋር የተዋወቀው ቀድሞ ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን ሄደው ዘፈኖቻቸውን አስቀርጸዋል። የከተማው ሰው በብዛት ሸክላ በቤቱ ያስገባው ግን በጣም አጭር በሆነ ዘመን ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ያንን ክልከላ ደፍሮ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸና ሸክላውን ውጭ አገር አሳትሞ አወጣ። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቆች አሳተመ። ሌሎችም ተከተሉት፤ አሊ አብደላ ካይፋ፣ በቅጽል ስሙ አሊ ታንጎ፣ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያወጣው እርሱ ነው። እነዚህ ትንንሽ ሸክላዎች በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራሉ፣ በየገጹ ጥቂት ደቂቃ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹ አንድ ማይክሮፎን ወይም ጥቂት ማይክሮፎኖች ፊት ሙሉ ባንድ ተሰልፎ በአንድ ጊዜ የተጫወታቸው ናቸው። በዚያ ዘመን የነበረው ጥራት በመሣሪያው ብዛት የመጣ አይደለም። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ለዓመታት ያሠለጠኗቸው ነፊዎች፣ እነ ግርማ በየነና እነ ሙላቱ አስታጥቄ ያቀናበሩት፣ ደጋግሞ የተለማመደ ባንድ፤ ድምፁ ከዚያ ነው የመጣው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አምሃ በ1975 ከአገር ወጣ፤ የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ዘጋ፤ ውጭ አሳትሞ ማስገባትም ከበደ። ሸክላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከእኛ ገበያ የጠፋው ከዲጂታል ጋር ተወዳድሮ አይደለም፤ ሲዲ ገና አልተወለደም ነበር። ሸክላን የተካው ካሴት ነው፤ ካሴት ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አናሎግ ነው። ይህን ነጥብ የሸክላ ወዳጆቻችን አብዝተው ሊያስቡበት ይገባል። በኢትዮጵያ ቤቶች የድምፅ ጥራት መጀመሪያ የወደቀው ከአናሎግ ወደ አናሎግ በተደረገ ሽግግር ነው።

ለምን ወደቀ? በስቱዲዮ ቴፕ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሮጥ ካሴት 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ስምንት እጅ ያነሰ። ቴፑም ቀጭን ነው። ስለዚህ የማያቋርጥ ሽሽታ ከሥሩ ይሰማል፣ ቀጭን ድምፆች ይደክማሉ። ይህ እንኳ አንዴ ቢሆን ይቻል ነበር። ነገር ግን ሙዚቃ ቤቱ ከሸክላ ወደ ካሴት ይገለብጣል፣ ደንበኛው ለጓደኛው ይገለብጣል፣ ጓደኛው ለእኅቱ ይገለብጣል፤ በየግልባጩ ሽሽታው በሽሽታ ላይ ይጨመራል። የቴፑ ሄድ በትንሹ ከተዛነፈ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ሞተሩ ከዘገየ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ ከፈጠነ ይቀጥናል፤ ለዓመታት «የእገሌ ድምፅ» ብለን የለመድነው አንዳንዱ ድምፅ የአንድ የደከመ ሞተር ሥራ ሊሆን ይችላል። ካሴትን ግን ልንረግመው አይገባም። ሸክላ ማጫወቻ ያልደረሰበት ገጠር ሙዚቃን ይዞ የገባ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን ቤተሰብን በቴፕ ዙሪያ ያሰባሰበ፣ የብዙ ዘፋኞችን ሥራ ለእኛ ያቆየ እርሱ ነው። ድምፁ ወርዷል፣ አድማጩ ግን በዝቷል። ሁለቱንም በአንድ ላይ መናገር ተገቢ ነው።

ዲጂታሉ በተራው የራሱን ጉዳት አምጥቷል፤ እርሱን አልሸሽግም። ጉዳቱን ያመጣው ግን ሲዲ ሳይሆን የፋይል መጨመቂያው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጨመቂያውን የተጠቀምንበት መንገድ ነው። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ያህል መረጃ ያወጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ኤምፒስሪ በተለመደው 128 ኪሎ ቢት ልኩ ከአሥራ አንድ እጅ አንዱን ብቻ ያስቀራል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ከፍ ያለ ድምፅ ሸፍኖት ጆሮ የማይሰማውን ትንሽ ድምፅ እየለየ ይጥላል። በበቂ መጠን ከተሠራ ልዩነቱን መስማት እጅግ ያስቸግራል። መጠኑ ሲያንስ ግን መጀመሪያ የሚጎዳው ድንገት ፈንድቶ የሚጠፋ ድምፅ ነው፤ ፍንዳታው ከመምጣቱ በፊት ጭጋግ የመሰለ ነገር ይቀድመዋል። የክራር ክር ሲመታ፣ የከበሮ ቆዳ ሲነካ የሚወጣው የመጀመሪያ ቅጽበት እንዲህ ያለ ነው። በአማርኛ ዘፈን ደግሞ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ቀ» ልክ እንደዚሁ የሚፈነዱ ናቸው። የዋሽንት ነፊ ትንፋሽ፣ ከዜማው ሥር የሚሰማው ያ ስስ አየር፣ መጨመቂያው ትርፍ ነው ብሎ ከሚጥላቸው ነገሮች ቀዳሚው ነው። የዜማው መስመር ይቀራል፤ ሰውየው መኖሩን የሚያሳየው ምልክት ይጠፋል።

በእኛ ዘንድ የሚሆነው ከዚህም ይከፋል። አንድ የ1970ዎቹ ዘፈን ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኤምፒስሪ፣ ከዚያ ወደ ዩቲዩብ፣ ከዩቲዩብ ተቀድቶ ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ሌላ ቪዲዮ ይዞራል። በየእርምጃው እንደገና ይጨመቃል፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ ቤዝ ይጨምርበታል፣ ሌላው ፍጥነቱን ይለውጣል። በመጨረሻ የሚደርሰንን ሰምተን «ዲጂታል ድምፅ ይህ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ያው ዲጂታል በትክክል ከተያዘ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አንዲት ቁጥር አይጎድልበትም፤ ሸክላም ካሴትም ይህን ማድረግ አይችሉም።

ስለ ክፍሉ ደግሞ መነገር አለበት፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ውድቀት ይህኛው ነው። ሸክላ ማጫወቻ የነበረበት ቤት የድምፅ ማጉያ ሣጥኖቹን ሳሎን ውስጥ ቦታ ሰጥቶ ያስቀምጥ ነበር። ሣጥኑ ትልቅ ስለሆነ የቤዝ ጊታሩን ዝቅተኛ ክር፣ 41 ኸርዝ ገደማ የሚንዘረውን፣ ባያወጣው እንኳ ይጠጋዋል። ዛሬ ብዙው ሰው ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማው በስልኩ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች የሚያወጣው የለም ማለት ይቻላል፤ የዋልያስ ባንድን የቤዝ መስመር በስልክ የሚሰማ ሰው ጆሮው የሚሰማው የቤዙን ጥላ ነው። ትንሿ የብሉቱዝ ሣጥንም ግራና ቀኙን አንድ ላይ ደባልቃ ታወጣዋለች። ለዚህ ዲጂታልን መክሰስ አይቻልም። ከዚያው ስልክ ገመድ አውጥቶ ከአሮጌው አምፕሊፋየርና ከሁለት ደህና ሣጥኖች ጋር ያገናኘ ሰው፣ አባቱ በሸክላ ይሰማው ከነበረው የተሻለ ድምፅ ሊያገኝ ይችላል። ውድ አይደለም፣ ከባድም አይደለም። የጠፋው ፈቃዱና ጊዜው ነው። ሸክላ ሰውን ያስቀምጥ ነበር፤ በየጥቂት ደቂቃው ተነሥቶ መገልበጥ ስላለበት ምን እየሰማ እንደሆነ ያውቃል። አሁን ሙዚቃው ሥራ እየሠራን፣ ቴሌቪዥኑ በርቶ፣ ሰው እያወራ ከበስተጀርባ ይፈስሳል። ድምፁ ምንም ያህል ቢጠራ የሚሰማው ከሌለ ጥራቱ ለማን ነው?

ከድምፁ ጋር ስሞችም ጠፍተዋል። የሸክላው መለያ ወረቀት የአሳታሚውን ስም፣ የሸክላውን ቁጥር፣ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም፣ አንዳንዴም የአቀናባሪውንና የባንዱን ስም ይዟል። ፋይሉ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የዘፋኙን ስም ብቻ ነው፤ እርሱም በተሳሳተ ፊደል። ሳክስፎኑን ማን ነፋው? ኦርጋኑን ማን ተጫወተው? ዜማው የማን ነው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መብቱን በሕግ አስከብሯል፤ ስሙ ያልታወቀ ሙዚቀኛ ግን መብቱን በምን ይጠይቃል?

በአሜሪካ ሸክላ ተመልሷል መባሉ ይህን ሁሉ ይፈውሰዋል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ አሉ። በ2022 እዚያ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ነበር፤ ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ሉሚኔት የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በ2023 እንደገለጸው ከሸክላ ገዢዎቹ ግማሽ ያህሉ ማጫወቻ የላቸውም። የሚገዙት ለማስታወሻ፣ ለግድግዳ፣ ለሚወዱት ዘፋኝ ድጋፍ ነው። ይህ መልካም ነገር ነው፣ የማዳመጥ ትንሣኤ ግን አይደለም። የእኛን ሙዚቃ ለዓለም በስፋት ያስተዋወቀውም ሸክላ አልነበረም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፓሪሱ አሳታሚ በቡዳ ሙዚክ ያወጣው «ኢትዮፒክስ» የሲዲ ተከታታይ ነው። ሸክላዎቹ በየቤቱ አቧራ ለብሰው ሳለ የዓለማየሁን፣ የማሕሙድን፣ የሙላቱን፣ በኋላም የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ድምፅ እንደገና ያሰማው ዲጂታል ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጣው የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ሥራም እንደዚሁ፤ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አግኝቶ በ2013 እንደገና እስኪያሳትመው ድረስ ተረስቶ ነበር። አንዲት ካሴት ባትገኝ ኖሮ የኃይሉ ሁለተኛ የመድረክ ሕይወት ባልኖረ ነበር።

ለእኔ ሸክላ ክቡር የሆነበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ከዲጂታል የተሻለ ድምፅ ስላለው አይደለም። የስቱዲዮው ቴፕ በጠፋበት ቦታ ሁሉ ሸክላው ራሱ ዋናው ሰነድ ስለሆነ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የላኩት የድምፅ መልእክት ከተሰማ በኋላ በራሳቸው በንግሥቲቱ ጥያቄ እንዲጠፋ ተደርጓል፤ ግልባጭ ስላልነበረው ዛሬ ማንም ሊሰማው አይችልም። የእኛን ሸክላዎች እንዲጠፉ ያዘዘ የለም። በደነዘዘ መርፌ፣ በፀሐይ፣ በአቧራና በቸልታ ግን በየቀኑ እየጠፉ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን እንደ ብራና ጽሑፍ ቆጥረው ሊሰበስቡትና በዲጂታል ሊያኖሩት ይገባል። እስከዚያው ኃላፊነቱ ሸክላው በእጁ ባለው ሰው ላይ ነው።

አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ አሥመራም ሁኑ ቴል አቪቭ፣ ከወላጆቻችሁ የቀረ ሸክላ ካላችሁ እባካችሁ በአሮጌ መርፌ ለእንግዳ ማሳያ አታጫውቱት። አንዱን በአንዱ ላይ አትደርድሩት፤ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ከፀሐይና ከሙቀት አርቃችሁ አኑሩት። በደቂቃ 78 የሚዞረው አሮጌው ሸክላ ቦዩ ሰፊ ስለሆነ የራሱን መርፌ ይፈልጋል። በደንብ የሚያጸዳና አዲስ መርፌ ያለው ሰው ፈልጋችሁ አንዴ፣ በጥራት፣ ሳይጨመቅ በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ አስገልብጡት፤ ፋይሉን በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፤ ድምፁን «አስተካክልልኝ» ብላችሁ ዋናውን ቅጂ አታስነኩ። የመለያ ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሡ። በዚያ ሸክላ ላይ ማን ምን እንደተጫወተ የሚያስታውስ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ስሙን ጻፉ።